ወደ ኤዞ በክረምት

ሰኔ 24 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ ሲቀላ

ትምህርት ቤት ተዘጋ። የመጨረሻውን ካርድ ፈርሜ ስወጣ ከትከሻዬ ላይ ጆንያ የወረደልኝ መሰለኝ። ክረምቱን በሙሉ እተኛለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ቤት ስደርስ አባዬ ጓሮ ነው። ሸራውን ገፎ ሞተሩን አውጥቶታል። ወባ ማጥፊያ ሲሠራ ሲነዳው የነበረውን፣ መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲሸጠው የገዛውን ያንኑ ሞተር። መቀመጫው ላይ ዶሮ እንቁላል ጥላበታለች።

«ምን ልታደርገው ነው?»

«ኤዞ ልሄድበት።»

«መቼ?»

«በዚህ ክረምት።»

እማዬ ከማድ ቤት «ሰውዬው ለየለት!» አለች። ከዚያ ወጥታ እንቁላሉን ወሰደች።

ሰኔ 25

ነገሩ ከየት እንደመጣ ልጻፈው፤ ስጽፍ ምናልባት ይገባኝ ይሆናል።

ኤዞ የአባዬ አገር ነው፣ ከጨንቻ ወዲያ፣ ደጋው ላይ። ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ካሱ እዚያ ይኖራሉ። አያቴ የሞተችው እኔ መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ነው፣ ነሐሴ ላይ። ጋሼ ካሱ ሰው ልከው ነበር፤ ሰውየው በእግሩ ወርዶ ሲቀላ ሲደርስ ግን አያቴ ተቀብራ ነበር። አባዬ «ለምን ሳልደርስ ቀበራት? ሞተር ነበረኝ፣ እደርስ ነበር» አለ። ጋሼ ካሱም «በዚያ ጭጋግና ጭቃ እንኳን ሞተር በቅሎ አይወጣም፣ ስንት ቀን ላቆያት?» ብለው መለሱ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

ባለፈው ሳምንት ከጨንቻ አንድ ዘመድ መጣና የጋሼ ካሱን መልእክት አደረሰ፦ «ለመስቀል ይምጣና እንታረቅ።» በኛ አገር ተጣልቶ መስቀልን የሚያከብር የለም። እኔም እማዬም ደስ አለን። አባዬ ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? «ለመስቀልማ ማንም ይደርሳል። ፀሐይ ነው፣ መንገዱ ደረቅ ነው። ያኔ ብሄድ ምን አሳየሁት? በዚያው በነሐሴ ነው የምሄደው። በሞተር።»

ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው እልኸኛ ሲሆን እንዴት ያስቃል! ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ሐምሌ 2

ሞተሩን እየገፋን ደግነት ጋራዥ ወሰድነው፣ መናኸሪያው አጠገብ። ደግነት ዞር ዞር ብሎ አይቶ «አልታመመም ጋሼ፣ ተኝቶ ነው» አለ። ደስ የሚል አነጋገር አለው።

አባዬ ካንዴላውን ራሱ ፈታ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጣቱ ብቻ እየዳሰሰ፣ ጠርጎ መልሶ አጠበቀው። «አየሽ፣ እንዲህ ነው ማወቅ ማለት!» አለኝ። ኮራሁበት። ደግነት አባዬን ዝም ብሎ ሲያየው ቆየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ፤ ደጋግሞ። ቤት ገብቼ መስተዋት ሳይ ጉንጬ ላይ ግራሶ አለ። ለካ እሱን ነው!

ሐምሌ 5፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስ

ጾም ተፈታ። ሰው ሁሉ ፊቱ በርቷል።

በር ላይ አንድ ሰው ሲቆም አባዬ «ደግነት! ግባ እንጂ፣ ምን ያስቆምሃል?» አለ። የነፍስ አባታችን ነበሩ! ከነጥምጥማቸው፣ ከነመስቀላቸው! እኔ በሳቅ ወደ ጓዳ ሸሸሁ። አባዬ «ፀሐዩ ከኋላቸው ሆኖብኝ ነው» አለ። እማዬ ብቻ አልሳቀችም። እሷ ደግሞ ቄስ ሲመጣ መሳቅ አትወድም።

ሐምሌ 9

አባዬ መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ፣ ወጣ። በጊዜ ተመለሰ። «ታደሰልህ?» ስለው «ወረፋው አይጣል ነው» አለ። ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ።

አመሻሽ ላይ ጠራኝ። «ብርቅዬ፣ የምትነጂው አንቺ ነሽ።»

«ምኑን?»

«ሞተሩን ነዋ! ወገቤን እያመመኝ ነው። ከኋላሽ እቀመጣለሁ።»

አባዬ ወገቤን አመመኝ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ግን አርጅቷል፤ ሰው ሲያረጅ ወገቡን ያመዋል። እምቢ ልለው አፌን ከፈትኩና «ሱሪ የለኝም» አልኩ። አሁን ሳስበው እምቢታ አይደለም። ገበያ ውጪና ግዢ ማለት ነው።

ሐምሌ 11

ኳስ ሜዳ። ወደቅሁ። ተነሣሁ። ወደቅሁ። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ስለቀው ሞተሩ እንደ ፍየል ይዘላል። እውነተኛ ፍየልም አባርሬያለሁ፤ ደህና ናት። ጉልበቴ ተላጠ። ነገ ደግሞ።

ሐምሌ 14፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስንወጣ ከኋላችን ሁለት ሴቶች «የታምሩ ልጅ ሱሪ ለብሳ ሞተር ላይ! አስተማሪ ነኝ ስትል አታፍርም?» ተባባሉ። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ዞር አለችና «የኔ ልጅ ሞተር ትነዳለች፣ የናንተዎቹ አህያ ይንዱና እንያቸው!» አለቻቸው። አንዷ ከት ብላ ሳቀች፤ ሌላዋ ራሷን ሸፈነች።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ቤት ስንደርስ ግን እማዬ በተራዋ እኔን ያዘችኝ። «አዋረድሽኝ እኮ! ደግሞ ያ ሱሪ ይሰፋሻል፣ አስጠብቢው።»

ሐምሌ 17

ሦስተኛ ማርሽ ገባሁ! ደግነት ስለ ፍሬን ሊመክረኝ ሜዳው ድረስ መጣ። ፍሬኑ ምንም አልሆነም።

ሐምሌ 20

ዛሬ ሳላስበው ያባዬንና የእማዬን ወሬ ሰማሁ። እንጨት ቤቱ ጀርባ ልብስ አሰጣ ነበር።

እማዬ፦ «ንገራት እንጂ። ልጅቷ ማወቅ አለባት።»

አባዬ፦ «ስንመለስ እነግራታለሁ።»

«ኋላ አውቃ ብታዝንብህስ?»

«ካወቀች ትከለክለኛለች። ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች።»

ደግነት ሽማግሌ ልኮ ይሆን? ሌላ ምን ሊሆን ይችላል! እነሱም ስሰማ አልሄድም እንዳልል ደብቀውኛል። ቢልክም እምቢ ነው የምለው። እኔ አሁን ስለ ባል የማስብበት ጊዜ የለኝም፣ ጉዞ አለብኝ። ሱሪዬን አጥቤ ተኮስኩት።

ሐምሌ 24

አባዬ በየጠዋቱ ደጃፍ ይቆምና ፊቱን ወደ ደጋው አዙሮ «ብርቅዬ፣ ተራራው ወጥቷል?» ይለኛል። እኔ «ደመና ነው» እለዋለሁ። ወይም «እስከ ወገቡ ይታያል።» ለምን እኔን እንደሚጠይቅ አልጠይቀውም። ልማድ ሆኖበት ነው።

እዚህ ታች አቧራና ሙቀት ነው። እላይ ግን በቀን ይጨልማል ይላሉ። የጨንቻ ሾፌሮችን ጠየቅሁ። አንዱ «እስከ ጨንቻ ትደርሳላችሁ፣ መንሸራተት ካልፈራሽ» አለ። ሌላው «ከጨንቻ ወዲያ ያለው መንገድ ዘንድሮ ታርሷል» አለና ሳቀብኝ። በዶዘር ይሁን በጎርፍ እንደታረሰ አልነገረኝም። ይህ ነገር ሲከነክነኝ ይውላል። ብንወድቅስ? እኔ ወጣት ነኝ፣ እሱስ? አስተማሪ ነኝ፤ አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ በአንድ ዓይን አፍጥጬ ዝም የማሰኝ ሴት አባቴን እምቢ ማለት ያቅተኛል? ያቅተኛል።

ሐምሌ 26

የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን አለፍኩ!! ፈታኙ «ማን አስተማረሽ?» አለ። «አባቴ።» «እሱ ራሱ ነው እዚያ የቆመው?» አለ። አባዬ የቆመው ፊቱን ወደ ሌላ ሞተረኛ አድርጎ ነበር፣ ለሱም ያጨበጭባል።

ነሐሴ 5

ፍልሰታ። እማዬ ለእመቤታችን ተስላልናለች፣ ምን እንደተሳለች አትናገርም። ዳገት ልለማመድ ብቻዬን እስከ ዶርዜ ወጣሁ። ግማሹን በፍርሃት፣ ግማሹን በዘፈን። ከላይ ሁለቱ ሐይቆች ባንዴ ሲታዩ፣ ዓባያ ቡናማ፣ ጫሞ ሰማያዊ፣ ጮህኩ። የሰማኝ እንሰት ብቻ ነው።

ነሐሴ 17

ነገ። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሁለት ጋቢ፣ ትርፍ ካንዴላ፣ ገመድ። ደግነት የራሱን የዝናብ ልብስ አምጥቶ ሰጠኝ። «ስትመለሺ ትመልሺልኛለሽ» አለ። «ካልተመለስኩስ?» አልኩት ለጨዋታ። ጆሮው ቀላ። እማዬ ከጀርባችን «ቡና ጠጡ እንጂ» ትላለች፣ ቡናም ሳይኖር።

ነሐሴ 18፣ ጨንቻ

ደርሰናል!

በጠዋት ወጥተን የምዕራብ ዓባያን መንገድ ትተን ወደ ግራ ታጠፍን። አባዬ ወገቤን ይዞ ከኋላ ይዘፍናል። የኛን ቋንቋ የገበያ ዘፈን፣ በሞተር ድምፅ ላይ። «አሁን ጠምዘዝ ይላል፣ በግራ በኩል ትልቅ ዛፍ አለ፣ ቀስ በይ» ይለኛል፤ እውነትም ዛፉ ይመጣል። ዶርዜን ካለፍን በኋላ ጭጋጉ ዋጠን። እጄን ብዘረጋ ጣቴ አይታየኝም። ሁለት ጊዜ ጭቃ ላይ ተንሸራተን ወደቅን፣ ሁለቴም አባዬ ተጋድሞ «ወደቅን እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ፣ እንደ አዲስ ዜና።

ከቴሌ ለጎረቤት ስልክ ደወልኩ፣ እማዬን እንዲጠሩልኝ። ያነሳው ደግነት ነው።

«አንተ እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«የናንተን... በር ላስተካክል መጥቼ፣ ስልኩ ሲጮህ...»

«በራችን ምን ሆነ?»

«ደረሳችሁ?» አለ፣ በሌላ ድምፅ። ደርሰናል አልኩት። እማዬን መጠየቅ ረሳሁ።

ነሐሴ 20፣ ኤዞ

ትናንት አልጻፍኩም። ዛሬ ጋሼ ካሱ ቤት፣ እሳት ዳር ተቀምጬ ትናንትን እጽፋለሁ። ሁሉንም፣ በተራ።

ከጨንቻ የወጣነው ዝናቡ ጋብ ሲል ነው። መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው፣ እንደ ሳሙና። በመጀመሪያ ማርሽ፣ ሁለት እግሬን መሬት እያስነካሁ፣ እንደ ዳክዬ። አባዬ መንገዱን በቃሉ ይነግረኛል። «አሁን የተራራው በር ላይ ነን፣ ነፋሱ ይሰማሻል? ከዚህ በኋላ ቁልቁለት ነው፣ ቀኝ ያዢ።» ቀኝ ያዝኩ። የፊት ጎማው ሰመጠ፣ ሞተሩ ጠፋ፣ እኔ በመሪው ላይ ተደፋሁ።

ቀና ስል ከፊቴ መንገድ የለም። ጎርፍ ቆርጦታል። ወዲያ ማዶው በጭጋግ አይታይም፣ ከታች ውኃ ይጮሃል።

«ለምን ቆምሽ?» አለ አባዬ።

«መንገዱ የለም፣ አባዬ።»

«እንዴት የለም? እዚህ ጋ ድልድይ አለ።»

«ድልድይ የለም። ገደል ነው።»

ወረደ። በእግሩ እየዳበሰ ወደ ፊት ሄደ፣ እኔ ከኋላ ካፖርቱን ጨብጬ። የጫማው ጫፍ አፋፉን ሲነካ ቆመ። ድንጋይ ወርውሮ ሰማ። ብዙ ቆይቶ ነው የተሰማው። ሌላ ወረወረ። ከዚያ ተመልሶ ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

ሞተሩን ልገፋ ሞከርኩ፣ ንቅንቅ አይልም፤ ዝናቡ መልሶ ጀመረ። የደግነትን የዝናብ ልብስ አባዬ ላይ ጣል አደረግሁበት። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ በርዶት መስሎኝ ነበር።

«ያኔም እንዲህ ነበራ» አለ። «ያኔም ነሐሴ ነበር። አልደርስም ነበር፣ ብርቅዬ። ይህን ሁሉ ዓመት እደርስ ነበር ስል... ካሱ ልክ ነበር። ብነሣም አልደርስም ነበር።»

አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። አጠገቡ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩና ቆሎ ሰጠሁት። እያለቀሰ በላ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሳቅ ጀመረው። «ይህን ለማወቅ ነው ልጅ ሞተር አስተምሬ ተራራ ያወጣሁት!» አለ። እኔም ሳቅሁ፣ ጥርሴ ከብርዱ እየተጋጨ።

ገደሉን ዝቅ ብለው በእግር የተሻገሩ ገበያተኞች ስንወድቅ አይተውን አልፈው ነበር። እነሱ ወሬውን አድርሰዋል፤ «አንዲት ሴት ሽማግሌ ጭና በሞተር ጭቃ ውስጥ ገብታለች» ብለው። ብዙም ሳይቆይ ከማዶ፣ ከጭጋጉ ውስጥ፣ በኛ ቋንቋ ሰላም የሚል ድምፅ መጣ።

«ሳሮ! ማነው እዚያ?»

አባዬ ብድግ አለ። «ታምሩ ነኝ!»

«የማን ታምሩ?»

«የእናትህ ልጅ ነኛ!»

ያ ድምፅ፣ ሰባ የተጠጋ ሰው ድምፅ፣ «አንተ እብድ! በክረምት?» ብሎ ጮኸ። ተሰበረ ድምፁ መጨረሻው ላይ።

ጋሼ ካሱ በሁለት ወጣቶች ተደግፈው በዝቅታው በኩል ተሻገሩ። እንደማስታውሳቸው አይደሉም። ጎብጠዋል፣ ጥርሳቸው አልቋል፣ አንድ ጉንጫቸው ላይ ትልቅ ጠባሳ ወጥቷል። አባዬ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጠበቃቸው። «ቀረብ በል፣ ልይህ» አለ። ፊታቸውን በሁለት መዳፉ ይዞ አፍንጫ ላፍንጫ እስኪነካኩ አስጠጋቸው።

«አርጅተሃል» አሉት ጋሼ ካሱ።

«አንተ ግን ምንም አልተለወጥክም» አለ አባዬ።

ጋሼ ካሱ እኔን አዩኝ። እኔ ሞተሩን አየሁ።

ሞተሩ ደግሞ! የመንደሩ ወንዶች ወርደው አራት ወፍራም ቀርቀሃ በሥሩ አስገብተው፣ በገመዴ አስረው፣ ትከሻቸው ላይ አወጡት። እየዘፈኑ ገደሉን ወርደው ገደሉን ወጡ። ሴቶቹ ከማዶ እልል ይላሉ፣ ሙሽራ የመጣ ይመስላል። ጋሼ ካሱ ከኋላ እየተከተሉ «ሰው በሞተር ይመጣል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሞተር በሰው ሲመጣ ገና ዛሬ አየሁ!» አሉ። አባዬ እስኪያስለው ሳቀ። ክንዱን በክንዳቸው ቆልፎ ነበር የሚሄደው።

ማታ ቆጮ በጎመን፣ ከሚያቃጥለው የበርበሬ ዳጣ ጋር። የበላሁት ያሳፍራል። ሁለቱ ወንድማማቾች ከእሳቱ ዳር አልተነሡም። ስለ ጠቡ አንድ ጊዜ ብቻ ተነጋገሩ። አባዬ «ልክ ነበርክ» አለ። ጋሼ ካሱ «ልክ መሆኔ ምን ጠቀመኝ?» አሉ። ከዚያ ስለ ድንች ዋጋ ማውራት ጀመሩ።

ነሐሴ 21

ዛሬ ጠዋት አያቴ መቃብር ሄድን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ። ጭጋጉ ሳሳ ብሎ ፀሐይ በትንሹ ታየች። ክረምቱ ሣሩን አሳድጎታል። አባዬ ተንበርክኮ በእጁ ያርም ጀመር። አፉ ውስጥ የሆነ ነገር እያለ፣ ለእናቱ የሚነግራት። አልቀረብኩም።

መቃብሩ ዙሪያ የጋሼ ካሱ ሚስት የተከሉት ነጭ አበባ አለ። አባዬ እየዳበሰ ሣሩን ሲነቅል አበባውንም ነቀለው። አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን። ልጮህ ስል ጋሼ ካሱ በእጃቸው ዝም አሰኙኝ። ከኋላው ቁጭ አሉና፣ የሚነቅለውን አበባ አንድ በአንድ እያነሱ፣ በጣታቸው አፈሩን ከፍተው መልሰው ተከሉት። ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ እየነቀለ፣ አንዱ እየተከለ።

ሲጨርሱ ወደ እኔ መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስንት ጊዜ ሆነው?» አሉኝ።

አላውቅም ልል ነበር። ሐምሌን በሙሉ አላውቅም ስል ነው የከረምኩት፤ ቄሱን፣ መንጃ ፈቃዱን፣ የየጠዋቱን ተራራ እያየሁ። «ክረምት ከመግባቱ በፊት ይመስለኛል» አልኩ።

«ሞራ ይሆናል» አሉ። «የኛ ቄስ ዓይናቸው እንዲሁ ተጋርዶ አዲስ አበባ ሞራውን አስወጥተው ነው ዛሬ ዳዊት የሚደግሙት። ከመስቀል በኋላ ይዤው እሄዳለሁ።»

«ጋሼ፣ አዲስ አበባን ያውቁታል?»

«ከጨንቻ አልፌ አላውቅም። እሱ መንገዱን ይነግረኛል፣ እኔ አይለታለሁ።»

ይኼኔ አባዬ ከመቃብሩ ዳር፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ምን ትንሾካሾካላችሁ?» አለ። «ያመመኝ ዓይኔን ነው እንጂ ጆሮዬን አይደለም!»

እኔ ደርቄ ቀረሁ። ጋሼ ካሱ ግን ምንም አልደነገጡም። በእጃቸው የቀረውን አንድ አበባ ይዘው ሄደው አጠገቡ ተንበረከኩ።

«አንተን እያማንህ ነው» አሉት።

«ታዲያ ጮክ ብላችሁ አሙኝ» አለ አባዬ። «እማማም ትስማ።»